ቀልባችሁ የት ነው?
ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል የተማርኩት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ልባችሁ «ተው» እያላችሁ፣ «ሰው ምን ይለኛል» ብላችሁ አፋችሁን ይዛችሁ የቀራችሁበት ቀን የለም? እኔ አለኝ። ያውም በዓባይ በረሃ!

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሰርግ ተጠርተን፣ ሚኒባስ ተኮናትረን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ሌሊት ተነሳን። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ መኪናው ውስጥ ልቀመጥ እንጂ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። አንዴ ያልከፈልኩት የቤት ኪራይ፣ አንዴ ቢሮ ትቼው የመጣሁት ሥራ... ጫንጮ አለፈ፣ ሙከ ጡሪ አለፈ፤ አንዱንም አላየሁ።

ፍቼ ላይ ቁርስ ስንበላ ግን ነቃሁ። ሾፌራችን እየጎረሰ ያዛጋል። ዓይኑ ቀልቷል። «ማታ ከመንገድ ነው የገባሁት፤ ሦስት ሰዓት ብተኛ ነው» ሲል ሰማሁት። ሆዴን ባር ባር አለኝ። «ወንድም፣ ትንሽ አረፍ በል» ልለው አፌ ላይ ደረሰ። ግን ይሉኝታ! ሰው ሁሉ እየሳቀ እየተጫወተ እኔ ብቻዬን ፈሪ ልባል? ዋጥኩት።

ጎሐ ጽዮንን እንዳለፋችሁ መሬቱ ከፊታችሁ ይጠፋል። መንገዱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገርና እንደገና ወደ ደጀን ይወጣል፤ መውረጃና መውጫው ተደምሮ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእኛ ሰው ታዲያ ማርሹን አውጥቶ ለቀቃታ! በየኩርባው ፍሬን ይረግጣል፣ ይለቃል። ትንሽ ቆይቶ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ሁላችንም ሸቶናል፤ ሁላችንም ዝም!

«ልጄ፣ አቁም» አሉ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት።

«አይዞዎት እማማ፣ ለምጄዋለሁ።»

«ለምደኸው ይሆናል፤ እኔ ግን ቀልቤ አልወደደውም። አቁም ብዬሃለሁ!»

አንዱ ወጣት «ሰርጉ ይረፍድብናል» ቢላቸው፣ «የሙሽራው አክስት እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ አይጀመርም» ብለው አሳቁን።

ቆመ። ወርደን ብናይ የኋላው ጎማ ይጨሳል። የፍሬኑ ሸራ ግሏል። ረዳቱ ውሃ ሊደፋበት ሲል ሾፌሩ ጮኸበት፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በራሱ እስኪበርድ መጠበቅ ብቻ ነው። ሾፌሩም ያቺን ሰዓት ጥላ ፈልጎ ተኛባት።

ያን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ መሰላችሁ? ገደሉን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ቀላ ያለው አሸዋማ ድንጋይ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ። ከታች የሚመጣው ሞቃት ንፋስ ፊቴን ሲነካኝ የቤት ኪራዩም ሥራውም ከአእምሮዬ ወጡ።

እኚያን እናት «እንዴት አወቁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ያን ሽታ ከልብሱ ላይ አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ገባኝ። ቀልብ ጠንቋይ አይደለም። ያየውን የሰማውን ሰብስቦ፣ እኛ ሳናሰላስለው ቀድሞ የሚናገር ነው። ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁራንም በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ እንዲህ ያለው ስሜት የሚታመነው ሰውየው ደጋግሞ በኖረበትና ስህተቱን ቶሎ በሚያውቅበት ነገር ላይ ነው ብለዋል። በማታውቁት ነገር ላይ ልባችሁ ቢደነግጥ ጠይቁ፤ በምታውቁት ላይ ከደነገጠ ግን አትናቁት።

ቋንቋችንን ደግሞ እዩት። «ቀልቤ አልወደደውም» እንላለን፤ «ቀልብህን ሰብስብ» እንላለን። ቃሉ አንድ ነው። ያልተሰበሰበ ቀልብ ምን ሊነግረን ይችላል? ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ! ፍርሃት ያለፈውን፣ የሚመጣውን፣ ሁሉን ይለፈልፋል። ቀልብ ግን ፊት ለፊት ስላለው አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ የቀላ ዓይን፣ የሚቃጠል ሽታ።

ፍሬኑ በረደ። ሾፌሩ በ2ኛ ማርሽ ቀስ እያለ አወረደን። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ድልድይ ስንሻገር፣ አሮጌውን ድልድይ ከጎኑ አይቼ ተሰናበትኩት። ደጀን ላይ ለሾፌሩ ቡና ጋበዝኩት፤ «ፍቼ ላይ ልነግርህ ነበር» አልኩት። «ብትነግረኝ ኖሮ እተኛ ነበር እኮ» አለኝ። ይህች ቃል እስከዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

እናም ውድ አንባቢዎች፣ መኪና ስትሳፈሩ ስልካችሁንም ሐሳባችሁንም ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡና ሾፌሩን እዩ፣ መንገዱን እዩ። ልባችሁ «አቁም» ካለ በትህትና ተናገሩ። ቢበዛ ይሳቅባችኋል፤ ሳቅ ደግሞ አይገድልም።

ሰርጉስ? አርፍደን ደረስን። ሙሽሮቹም ገና አልመጡም ነበር!