ቡሎኗን ብናጠብቃት ኖሮ

እጃችን ላይ ነበር። ተቀጥቅጦ የተሠራ ጥሩ የአሉሚኒየም የብስክሌት ክራንክ፣ ገና ለብዙ ዓመታት እንጦጦን ሊያወጣን ሊያወርደን የሚችል። ዛሬ ለቁራሌው የሚጣል ዕቃ ሆኗል። ማን ገደለው? ዳገቱ? ኮረኮንቹ? አይደለም። እኛው ነን።

አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ፔዳሉን በረገጥን ቁጥር በግራ በኩል ቀጭ ይላል። ዘይት ጠብ አድርገንበት ሄድን። በማግስቱም ቀጭ አለ። ለመድነው። ምን ነበር የጠየቀን? መሃሉ ላይ ያለችውን ቡሎን ማጥበቅ፣ ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር። አንድ መፍቻ፣ ጥቂት ደቂቃ። ማን ከለከለን?

ክራንኩ የሚታሰርበት ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ጠባዩ የታወቀ ነው። ዘንጉ ብረት ነው፤ የሚገጠምበት የክራንኩ ክንድ ለስላሳ አሉሚኒየም። ክንዱ እንደላላ ከተረገጠ ብረቱ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ማዕዘኖቹ ያልቃሉ፤ ቀዳዳው ክብ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ቡሎኗ ብትጠብቅ ተመልሳ ትላላለች። ቆርቆሮ ቢጠቀጠቅበት፣ በመዶሻ ቢመታ፣ ያለቀው ማዕዘን አይመለስም። የጥገናው ቀን አለፈ። ሲያልፍ የት ነበርን? ላዩ ላይ ተቀምጠን እየረገጥን!

የፔዳሉ ጥርስስ? የግራ ፔዳል የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። አውሮፕላን ከመሥራታቸው በፊት ብስክሌት ይሠሩ የነበሩት የራይት ወንድማማቾች እንኳ የሠሩበት የቆየ ዘዴ ነው። እኛ ግን የቀኙን ፔዳል በግራው ክንድ ቀዳዳ በጉልበት አስገባን። ጥርሱ ተበላ። ያኔም ዕድል ነበረን። ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ጥርስ ማልበስ ይቻላል፤ በደንብ ከተሠራ ከአሉሚኒየሙ ጥርስ አያንስም። ያንንም ተውነው። ፔዳሉ እየተወዛወዘ ነዳን፤ ጥርስ የሚለብስበት ሥጋ እስኪጠፋ ድረስ ነዳን።

በመጨረሻ ፔዳሉ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየች። አየናት! ጭቃውን ጠርገን አየናት! "ጭረት ናት" ብለን አለፍን። አሉሚኒየም ድካሙን ያጠራቅማል እንጂ አይረሳም። አንዴ ከተሰነጠቀ እያንዳንዱ እርግጫ ስንጥቁን ይገፋዋል። ብየዳ ይሞከር? የብየዳው ሙቀት የክንዱን ጥንካሬ ይዞት ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ላይ ቆመን ሳለ ከተሰበረ የሚሰበረው እሱ ብቻ ነው?

አሁን ተሰብስበን "እንጠግነው ወይስ እንለውጠው?" እንባባላለን። አናፍርም? ይህ ጥያቄ የነበረው ቡሎኗ በላላች ሰሞን ነው። ዛሬ ምን ምርጫ አለ? የተሰነጠቀ ይለወጣል። ማዕዘኑ ያለቀ ይለወጣል። ከክንዱ ጀርባ 170 ይሁን 175 ሚሊ ሜትር የተቀረጸውን ቁጥር አንብበን ተመሳሳዩን ፍለጋ እንወጣለን። መለዋወጫ እንደልብ በማይገኝበት ከተማ! ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ደጅ እየጠናን! ነጻ የነበረውን በውድ ልንገዛ!

ምን ጎደለን? ገንዘብ? ቡሎን ማጥበቅ ገንዘብ አይፈልግም። ዕውቀት? ጆሯችን ሰምቷል፤ ዓይናችን አይቷል። መውረድ ብቻ ነበር የሚጠበቅብን። አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከኮርቻው መውረድ! እሱ አቃተን።