የ522 ትውልድ

«522 ነው የምትይው? እኔ ግን ከ523 አያልፍም ባይ ነኝ።» በ1990ዎቹ አጋማሽ በስድስት ኪሎ ግቢ፣ ከሕግ ፋኩልቲው ደጃፍ እስከ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ባለው መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ሳይሰሙ ማለፍ አይቻልም ነበር። አንቀጽ 522 ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት። 523 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። 524 ደግሞ ቀላሉ ነው፤ ቢበዛ 5 ዓመት ቀላል እስራት። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ የምንከራከረው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች መካከል ስላለው ርቀት ነበር። በአንደኛው ጫፍ ሰው ይሰቀላል፣ በሌላው ጫፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ሁለቱን የሚለየው ገዳዩ በዚያች ሰዓት በልቡ ይዞት የነበረው ነገር ነው።

እነዚያ ቁጥሮች ዛሬ የሉም። ለአንድ ወጣት ዐቃቤ ሕግ 522 ብትሉት ግር ይለዋል፤ እሱ የሚያውቀው 539ን፣ 540ንና 541ን ነው። እኛ የተማርነው ግን በ1949 የታወጀውንና በሚያዝያ 27 ቀን 1950፣ በድል በዓል ዕለት፣ በሥራ ላይ የዋለውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት የጄኔቫው ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። ሕጉ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተሻግሮ፣ ደርግ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እየደረበበት እንኳ ሳይሻር ኖሮ፣ በኢሕአዴግ ዘመን እኛ ዘንድ ደረሰ። የእኛ ክፍል ከመጨረሻዎቹ ደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበር።

መጻሕፍቱም የሕጉን ያህል ዕድሜ ነበራቸው። ፋኩልቲው በ1956 ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ በእነዚያ ዓመታት ያስተማሩት የውጭ አገር መምህራን የጻፉትን እኛ ከአርባ ዓመት በኋላም እናነበው ነበር። ፊሊፕ ግራቨን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት፣ ከአንቀጽ 1 እስከ 84 ያለውን ጠቅላላ ክፍል ቁጥር በቁጥር የሚያብራራው መጽሐፍ የሁላችን መምህር ነበር። ለሥነ ሥርዓቱ ደግሞ ስታንሊ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1969 ያዘጋጁት መድበል ነበረ። ዋናውን ቅጂ በእጁ የያዘ ተማሪ ብርቅ ነው። የኛው ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ያውም የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ፣ ኅዳጉ በቀደሙ ተማሪዎች የእርሳስ ማስታወሻ የተሞላ። አንዱ «መምህሩ በዚህ አይስማሙም» ብሎ ጽፏል፤ ሌላው ከሥሩ «እኔም» ብሎ ጨምሯል። በስም የማላውቃቸው ታላላቆቼ በዚያ ኅዳግ ላይ አስተምረውኛል።

የትምህርቱ ሁሉ ምሰሶ አንቀጽ 23 ነበር። አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ ተሟልተው ሲገኙ ነው። ሕጉ አስቀድሞ ከልክሎታል ወይ? ሰውየው በእርግጥ አድርጎታል ወይ? አስቦ ነው ወይስ በቸልተኝነት? ሦስቱን ጥያቄ በቅደም ተከተል ሳይመልስ «ጥፋተኛ ነው» የሚል ተማሪ ካለ መምህራችን ዝም ብለው ያዩት ነበር። ዝምታቸው ከቁጣ ይከብዳል። አንቀጽ 58 ስለ ሐሳብ፣ አንቀጽ 59 ስለ ቸልተኝነት ያወጡትን መስመር ለመረዳት ብዙ ሌሊት በዶርም ኮሪደር አንግተናል፤ በክፍል ውስጥ መብራት ማብራት የተኛን ሰው መበደል ስለነበር።

ልደታ ፍርድ ቤት እየሄድን ችሎት መከታተልም የዚያው ትምህርት አካል ነበር። በወረቀት ላይ «ተከሳሽ» ብለን የምንጠራው፣ እዚያ ጫማው ያለ ማሰሪያ የሚጎተት፣ ዓይኑ ከችሎቱ ይልቅ ኋላ የተቀመጠችውን እናቱን የሚፈልግ ልጅ ሆኖ አገኘነው። የጊዜ ቀጠሮ ጥያቄ ሲቀርብ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ይላል፤ ዳኛው ቀን ይሰጣሉ፤ ልጁም ይመለሳል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በክፍል ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። ልደታ ላይ ግን 48 ሰዓት ለአንዲት እናት ምን ያህል እንደሚረዝም አየን። ከዚያ ወዲህ ሥነ ሥርዓትን ደረቅ ትምህርት ነው ያለ የክፍል ጓደኛ አላስታውስም።

የዚያ ዘመን ታላቁ የወንጀል ጉዳይም ገና በችሎት ላይ ነበር። የደርግ ባለሥልጣናት ክስ በታኅሣሥ 1987 መሰማት ጀምሮ እኛ ተማሪ ሳለን ቀጥሏል፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው። ክሱ የቆመው በ1949ኙ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነበር። ይህ አንቀጽ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም በዘር ማጥፋት ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. የ1948ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን የፖለቲካ ቡድኖችን አልጨመረም። በቀይ ሽብር አጎቱን ወይም አክስቱን ያላጣ ሰው በክፍላችን ጥቂት ነበር። እንዲህ ያለ ሐዘን ይዞ ስለ ተከሳሹ ጠበቃ የማግኘትና የመሰማት መብት አጥብቆ መከራከር ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ በምስለ ችሎት የተከሳሾቹ ጠበቃ ሆኖ እንዲቆም ዕጣ ደረሰው። ቤተሰቡ የሟች ቤተሰብ ነው። ቆሞ በሙሉ አቅሙ ተከራከረ። በሕይወቴ ካየኋቸው የጀግንነት ሥራዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ከርቸሌንም አይተነዋል። ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» የሚለው፣ በኅዳር 14 ቀን 1967 ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት የተረሸኑበት ወህኒ ቤት ያኔ ገና በከተማው መካከል ነበር። ስለ ቅጣት ዓላማ ስንማር መቀጣጫ፣ ማረሚያ፣ ማስተማሪያ እያልን የደረደርናቸው ቃላት በዚያ አጥር ውስጥ ከሰው ፊት ጋር ተገናኙ። ያ ግቢ ፈርሷል፤ በቦታው በ2004 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። በዚያ መንገድ ሳልፍ ግን ዛሬም የአጥሩ ግንብ በዓይኔ ላይ አለ።

ትዝታ ያለፈውን ሁሉ ያሳምራል፤ ስለዚህ የዚያን ሕግ ነውርም አብሮ መናገር ግድ ነው። በጅራፍ መግረፍን የሚፈቅድ አንቀጽ በውስጡ ነበረ። ከሁሉ የከፋው ግን አንቀጽ 558 ነው። ጠላፊው ጠልፎ የወሰዳትን ሴት በፈቃዷ ካገባት ክስ አይቀርብበትም። አንቀጽ 599 ይህንኑ ለደፋሪው ያደርግለታል። በክፍላችን ሴቶች ጥቂት ነበርን። ይህ አንቀጽ በተነበበ ዕለት አንዲት ከገጠር የመጣች ጓደኛችን እጇን አውጥታ፣ «ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቷ እሺ ብሎ፣ እሷ አልቅሳ የገባችበት ጋብቻ ነው በፈቃዷ የሚባለው?» ስትል ጠየቀች። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው የቀረውን ሰዓት በሙሉ ለዚያ ጥያቄ ሰጡት።

ያን ጊዜ የአበራሽ በቀለ ጉዳይ ከሁላችን አፍ አይጠፋም ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የ14 ዓመት የአርሲ ተማሪ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትል የደረሰባትን ጠላፊዋን በራሱ መሣሪያ ገደለችው፤ በግድያም ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ በመሥራቿ በመዓዛ አሸናፊ ዘመን፣ ቆመላት። ራስን በሕጋዊ መከላከል አንቀጽ 74 ላይ የቆመው ክርክር ተሳክቶ በነጻ ተለቀቀች። እኛ ያን ጉዳይ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አጥንተነዋል። ለጠላፊዎች በር የሚከፍተው ሕግና ተጠላፊዋን ነጻ ያወጣው ሕግ በአንድ ጥራዝ ውስጥ፣ በአንድ ዓመት የታወጁ ናቸው። ሕግ አንድ ወጥ ቅዱስ ነገር አለመሆኑን፣ በሰው እጅ የተሠራ ስለሆነ በሰው እጅ የሚታረም መሆኑን የተማርኩት ከዚህ ነው።

ተማሪ ሳለን የአዲሱ ሕግ ረቂቅ እጃችን ገባ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ግንቦት 1 ቀን 1997 በሥራ ላይ ዋለ፤ አገሩ ሁሉ የግንቦት 7ቱን ምርጫ ሲጠብቅ ነበርና የሕጉ መለወጥ በጋዜጦች ብዙ አልተወራለትም። ለእኛ ግን ትልቅ ቀን ነበር። 558 ሄዶ 587 መጣ፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም። የሴት ልጅ ግርዛት በ565 ወንጀል ሆነ። ያቺ ጓደኛችን አዲሱን ነጋሪት ጋዜጣ ይዛ ስትመጣ ከሁላችን ቀድማ የገለጠችው 587ን ነበር።

ጠቅላላውን ክፍል ግን ስንገልጥ 23 እዚያው 23 ነው። 58 እዚያው፣ 59 እዚያው። አርቃቂዎቹ የቅጣቱን ዝርዝር ሲለውጡ ሰውን ከመወንጀል በፊት የሚጠየቁትን ጥያቄዎች በነበሩበት ትተዋቸዋል። ከዚያ ዘመን ለእኔ የቀረልኝም ይኸው ነው። በአደባባይም በስልክም ሰው ገና ሳይከሰስ ሲፈረድበት ስሰማ በውስጤ የሚነሣው አንቀጽ 23 ነው። ሕጉ ምን ይላል? ማን አየ? ምን አስቦ? ይህን መጠየቅ ለወንጀለኛ ማዘን የሚመስለው ሰው አለ። ያ በምስለ ችሎት የቆመው ጓደኛችን ግን ለሟች ዘመዶቹም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ክብር እንደሌለ አሳይቶናል፤ ሳይጣራ የተፈረደ ፍርድ የሟችንም እውነት ይቀብራልና።

ዛሬ ወንጀል ሕግ የሚማሩ ወጣቶች 539ን እንደ እኛ 522 በቃላቸው ይዘውታል። አንድ ቀን እሱም ይሻራል፤ የእነሱም ቁጥሮች ለልጆቻቸው እንግዳ ይሆናሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ሲያጠኑ በኅዳጉ ላይ አንድ ነገር እንዲጽፉ እለምናቸዋለሁ፤ ይህ አንቀጽ ማንን ይበድላል? 558 የተሻረው ይህን ጥያቄ በክፍል፣ በችሎትና በማኅበር ደጋግመው የጠየቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው።