የዕንቍ አገሩ በስሙ ይታወቃልን?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲሉ አባቶች ይናገራሉ። የሸቀጥን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው የሰማውን ስም ከመቀበሉ በፊት፤ ይህ ስም ዕቃው የተገኘበትን አገር ይናገራል ወይስ የተሸጠበትን? ብሎ ሊመረምር ይገባዋል። ይህንንም ለመማር ለአዲስ አበባ ሰው ከመርካቶ የሚቀርብ ትምህርት ቤት የለም።

የመርካቶ ስም ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ቀድሞ የከተማው ታላቅ ገበያ በአራዳ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወረው። በቋንቋው ገበያን መርካቶ ይለዋልና ስሙ በዚያው ጸና። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ከከተማው ወጣ፤ ስሙ ግን አልወጣም።

ዛሬም ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከታላቁ አንዋር መስጊድ አጠገብ ተነሥቶ በየተራው የሚዘዋወር ሰው ሸቀጡ በአገሩ ስም ሲጠራ ይሰማል። ቅቤው የሸኖ፤ በርበሬው የማረቆ፤ ጤፉ የአድአ፤ ቡናውም የሐረር፣ የጅማ፣ የሲዳሞ፣ የይርጋ ጨፌ ይባላል። ብልህ እመቤትም በስሙ ብቻ አትታለልም፤ ቅቤውን ታሸታለች፤ በርበሬውን በጣቷ ትፈትናለች፤ ጤፉን በመዳፏ ዘርግታ ትመለከታለች። ስሙ ለእርስዋ ምስክር ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

እንዲህም ማድረጓ ትክክል ነው፤ የአገር ስም ሁልጊዜ የአገር ምስክር አይሆንምና። በሶማሌ ተራ የሚሸጠው የመኪና መለዋወጫ መሆኑን ማን ያጣዋል? ከባሕር ማዶም ብንመለከት የቱርክ ድንጋይ ተብሎ ቱርኩዋዝ የተሰየመው ሰማያዊ ዕንቍ የሚቆፈረው በፋርስና በሲና ነበረ። ቱርክ የተባለው ወደ አውሮፓ ያሳለፉት ነጋዴዎች ከዚያ ስለ መጡ ነው። ከአገራችን የተሻገረው የሐረር ቡናም ብዙ ዘመን በየመን ወደብ ስም ሞካ እየተባለ ተሽጧል። ያመረተው ገበሬ ሳይጠቀስ ያሳለፈው ወደብ ስሙን ወሰደ።

በዕንቍ ስም የተጠራችበት ዘመን ለኢትዮጵያ ረጅም ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ በ28ኛው ምዕራፍ ጥበብ ስትመሰገን የኢትዮጵያ ቶጳዝዮን እንኳ ከእርስዋ ጋር እንደማይተካከል ተጽፏል። ይሁንና ይህ ቶጳዝዮን የሚለው ስም ራሱ መንገድ የሳተ ነው። የጥንት ጸሐፊዎች ስሙን ያያዙት በቀይ ባሕር ከምትገኝ ቶጳዞስ ከምትባል ደሴት ጋር ነው። ከዚያች ደሴት የሚወጣው ድንጋይ ግን ዛሬ ፔሪዶት የሚባለው አረንጓዴ ዕንቍ ነው፤ ቶጳዝ የሚለው ስም ወደ ሌላ ድንጋይ ተዛውሮ ቀረ።

በስም ምክንያት የሚመጣው ጥቅምና ጉዳት በእኛው ኦፓል ላይ በግልጥ ታይቷል። ኦፓል ብርሃን ሲነካው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እየሆነ የሚጫወት ዕንቍ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሰሜን ሸዋ በመዘዞ የተገኘው ቡናማ ኦፓል የኢትዮጵያ ኦፓል ተብሎ ወደ ዓለም ገበያ ወጣ። መልኩ የሚያስደንቅ ሲሆን ከጊዜ በኋላ መሰንጠቅ የሚወድ ሆነ፤ ስለዚህ ብዙ ገዢዎች ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ሲሰሙ መጠራጠር ጀመሩ። በ2000 ዓ.ም. በወሎ በደላንታ፤ በወገል ጤና አጠገብ ሌላ ኦፓል ተገኘ። ይህ በአብዛኛው ነጣ ያለና ከመዘዞው ይልቅ የሚጸና ነው፤ ነገር ግን የፊተኛው ጥርጣሬ ጠበቀው። ነጋዴዎች የወሎ ኦፓል ብለው በለዩት ጊዜ ስሙ በዓለም ታወቀ። ከድንጋዩ ብዙው የሚቆረጠው በሕንድ አገር በጃይፑር ከተማ ቢሆንም ጃይፑር አልተባለም፤ ወሎ ተብሎ ይሸጣል። ይህ በገደል አፋፍ ነፍሱን አስይዞ ለሚቆፍረው የደላንታ ሰው ታላቅ ነገር ነው።

ስም ገንዘብ እንደሆነ ሌሎች አገሮችም ያውቃሉ። የካሽሚር ሰንፔርና የበርማ ሩቢ በመልክና በክብደት ከሚመስላቸው ከሌላ አገር ድንጋይ እጅግ በበለጠ ዋጋ ይሸጣሉ። ስለዚህ የዕንቍ መርማሪዎች በማጉያ መነጽር በድንጋዩ ውስጥ የታሰሩትን ጥቃቅን ነገሮች ያያሉ፤ በመሣሪያም ንጥረ ነገሩን ይለካሉ፤ ከዚያም ስለ አገሩ የሚያስቡትን በወረቀት ይጽፋሉ። የሚጽፉትም የባለሙያ አስተያየት ነው እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም። በቡና በኩል የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመልክቶ፤ በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር ስምምነት አድርጓል። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2016 ጀምሮ የሻኪሶ መረግድና የአክሱም አካባቢ ሰንፔር በዓለም ገበያ ስለ ታዩ፤ ለእነዚህም ስማቸው ገና ከጅምሩ እንዲጠበቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለሙሽራ ቀለበት ወይም በውጭ አገር ላለ ዘመድ ስጦታ የሚገዛ ባለቤት፤ ከየት ተቆፈረ? የት ተቆረጠ? ቀለም ገብቶበታልን? ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በደረሰኝ ያስጽፍ። የወሎ ኦፓል ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ስለሆነ ቀለም ማስገባት ወይም በጢስ ማጥቆር ቀላል ነው፤ ተጠቁሮም በተፈጥሮ ጥቁር ነው ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። በቤትም እመቤቲቱ እጅዋን ስትታጠብ፤ ቅቤ ስታነጥር፤ ሽቶ ስትቀባ ቀለበቱን ታውልቅ። ንጹሕ ውኃ ቢነካው ጨዋታው ጠፍቶ እንደ መስተዋት ያሳያል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅም ይመለሳል። ዘይትና ሳሙና ግን ከገቡበት መልኩን ሊያበላሹት ይችላሉ።

ነጋዴም ያስብ። በሌላ አገር ድንጋይ ላይ የወሎን ስም የሚለጥፍ ሰው የሚያታልለው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ በገደሉ ላይ ያለውን ቆፋሪም እንጀራውን ይነጥቀዋል። የመዘዞ ነገር እንዳሳየን አንድ ጊዜ የተጠረጠረ ስም የሚመለሰው በብዙ ድካም ነውና።