ከሚላን ጉብኝት ግማሽ ቀን ለሊናቴ

ሚላን የሚሄድ ቤተሰብ የዱኦሞ ካቴድራልን አይቶ፣ ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር እንጀራውን በልቶ ግማሽ ቀን ቢተርፈው ወደ ሊናቴ ጎራ ቢል መልካም ነው። ከአዲስ አበባ የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ የሚያርፈው ራቅ ብሎ ባለው ማልፔንሳ ነው። ሊናቴ ግን የከተማዋ ጎረቤት ነው፤ ሾፌር የሌለው የኤም 4 ሜትሮ ባቡር ከመሀል ከተማ፣ ከሳን ባቢላ ጣቢያ፣ በ12 ደቂቃ ያደርሳችኋል። አውሮፕላን የሚወዱ ልጆች ካሏችሁ የኢድሮስካሎ ሐይቅ ዳርቻ እዚያው አጠገብ ነው።

ቅርብ የሆነው የፎርላኒኒ መናፈሻ ውስጥ ደግሞ ጣሊያኖች ፋጆ የሚሏቸው 118 ዛፎች ተተክለዋል። እያንዳንዱ ዛፍ የአንድ ሰው መታሰቢያ ነው።

መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ጠዋት ሊናቴ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር። 4 ሰዎች የያዘች ትንሽ አውሮፕላን ከታዘዘችው ውጪ በሆነ መንገድ ሄዳ ማኮብኮቢያው ላይ ገባች። በዚያው ቅጽበት 110 ሰዎች አሳፍሮ ወደ ኮፐንሃገን ለመነሣት የሚንደረደረው የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ አውሮፕላን ገጫት። በሁለቱም ውስጥ ከነበሩት አንድም ሰው አልተረፈም፤ መሬት ላይ የነበሩ 4 ሠራተኞችም ሞቱ። የመንገዶቹ ምልክቶች ጉድለት ነበረባቸው። ተቆጣጣሪዎቹም ጭጋጉን አልፈው ማየት አልቻሉም፤ አሮጌው የመሬት ራዳር አገልግሎት አቁሟል፣ አዲሱ ገና ሥራ አልጀመረም።

ይህ መሣሪያ የሚሠራው ቀላል የሚመስል ግን ትልቅ ሥራ ነው። ራዳሩ ሜዳውን እየቃኘ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ያሳያል። በሜዳው ዙሪያ የተተከሉ ተቀባዮች ደግሞ አውሮፕላኑ የሚልከው ምልክት ለእያንዳንዳቸው በደረሰበት የጊዜ ልዩነት ቦታውን ያሰላሉ። የእሳት አደጋና የፍተሻ መኪኖችም ምልክት ማስተላለፊያ ይገጠምላቸዋል። ሁሉም ከነመለያው በተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ ይታያል፤ ሁለቱ ለግጭት ከተቃረቡ ማስጠንቀቂያ ይሰማል።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና የአየር መንገድ ማስታወቂያ አያመልጠኝም። ስለ ወንበር ስፋትና ስለ ምግቡ ብዙ ይነገረናል፤ ስለ መሬት ራዳር ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ተሳፋሪ የማይጠይቀው ነገር ደግሞ ለነገ መባል ይቀናዋል። የሊናቴ ዛፎች የዚያ “ነገ” ዋጋ ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዟችሁ አብራሪው “ፈቃድ እየጠበቅን ነው” ብሎ አውሮፕላኑን ሲያቆም ልጆቹ ቢነጫነጩ፣ ከማማው ሆኖ መንገዱን የሚያይላቸው ሰው እንዳለ ንገሯቸው።