የልጅን እንቅልፍ መጠራጠር

ጭንቅላቱ ተለቅ ያለ ሕፃን ሲያዩ «ይኼስ ሊቅ ነው የሚሆነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ምርቃቱን አልጠላውም። በሕፃናት ክፍል በነርስነት ስሠራ ግን ከምርቃቱ በፊት ሜትር ማንሣት ለምጃለሁ።

የልጄ ልጅ አራት ወር ሲሆነው እኔ ሌላ ከተማ ነበርኩ። አብረውት የሚኖሩት የአባቱ እናት አናቱን ቅቤ ሲቀቡት እርግብግቢቱ አብጦና ጠጠር ብሎ አገኙት። እርግብግቢት ሕፃን ሲያለቅስ ማበጡ ያለ ነው። እሳቸው ግን ልጁን ቀና አድርገው ታቅፈውት ነበር፤ አላለቀሰም። «ሲስተር፣ የልጁ አናት አላማረኝም» ብለው ደወሉልኝ። በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድቡ ከፍ ብሎ በማጅራቱ በኩል ጎልቶ በሚወጣው ቦታ ዙሪያውን ለኩት። በዚያ ዕድሜ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መጨመር ሲገባው 3 ጨምሯል። በማግስቱ ሐኪም ቤት ነበርን።

አንጎላችን በየዕለቱ ፈሳሽ ያመነጫል፤ የቀደመው ደግሞ ወደ ደም ይመለሳል። መንገዱ ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀማል። የሕፃን አጥንት ገና ስላልገጠመ ጭንቅላቱ ያድጋል፤ የደም ሥሮቹ ይጎላሉ፤ ዓይኖቹ ወደ ታች ያዘቀዝቁና ነጩ ከላይ ይታያል፤ ያስመልሰዋል፤ ጡት ይጠላል። የትልቅ ልጅና የአዋቂ ራስ ቅል ግን ስለማይለጠጥ ግፊቱ አንጎልን ይጫናል። ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየትና መፍዘዝ ይመጣል። በተለይ ከመውደቅ በኋላ ከሆነ ለነገ አይባልም።

ልጃችን ከጭንቅላቱ ወደ ሆዱ ፈሳሹን የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ፣ ሐኪሞች ሻንት የሚሉት፣ ከቆዳው ሥር ገባለት። ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ እየቀሰቀሱ የዓይኑን ብሌን በባትሪ ሲያዩ እናቱ «ደክሞታል፣ ተዉት ይተኛ» ትል ነበር። ርኅራኄዋ ይገባኛል። ግን ግፊት ሲጨምር መጀመሪያ ከሚታዩት አንዱ ንቃት መቀነስ ነው። ያንን የሚያውቀው የሚቀሰቅስ ብቻ ነው።

ሦስት ዓመት ሲሞላው አንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ አስመለሰና ተኛ። ቤቱ ሁሉ «ምግብ ነው፣ ይረፍበት» አለ። አያቱ ግን ስሙን ጠርተው ቀሰቀሱት፤ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ከደነ። ቱቦው ተዘግቶ ነበር። በዚያው ሌሊት ተለወጠለት።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቤታችሁ ካለ፣ ወደ ሆስፒታል እስክትደርሱ ከወገቡ በላይ በ30 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጉት። ከራሱ ሥር ብቻ ትራስ አትደርድሩ፤ አንገቱ ይታጠፋል። አንገቱ ቀጥ ይበል፤ ልብሱም አይነቀው። ከፈዘዘ ውኃም ሆነ መድኃኒት በአፉ አትስጡት፤ ሊያንቀው ይችላል። ካስመለሰው በጎኑ አስተኙት። ከወደቀና አንገቱን ተጎድቷል ብላችሁ ከሠጋችሁ ግን ቀና አታድርጉት፤ ጭንቅላቱንና አንገቱን ደግፋችሁ ባለበት አቆዩት። ቱቦ ያለው ልጅ ትኩሳት ከያዘው ወይም በቱቦው መስመር ላይ እብጠትና መቅላት ካየ ሐኪም ይየው። ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ሰዓት አትቁጠሩ።

ልጁ ዘንድሮ መዋለ ሕፃናት ገብቷል። ለመምህርቱ የነገርናት አንድ ነገር ነው፦ ራሴን አመመኝ ብሎ ካስመለሰውና ከተኛ፣ ቀስቅሺው፣ ከዚያም ደውዪልን።