ከተክለ ሃይማኖት እስከ ልደታ

ከምኖርበት ከተክለ ሃይማኖት ልደታ ፍርድ ቤት በእግር ሩቅ አይደለም። በባሏ ለተደበደበች ሴት ግን መንገዱ አያልቅም። በመካከሉ «ገመናሽን አትግለጪ» የሚል ጎረቤት፣ «ለልጆችሽ ስትዪ ታረቂ» የሚል ሽማግሌ፣ «የባልና የሚስት ጠብ ነው» የሚል ፖሊስ ቆሟል።

ለመሆኑ አብሯት የሚሄድ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ባለሙያዎች ያለ ክፍያ አቤቱታ ጽፈዋል፤ ችሎት ቆመዋል። ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችው ታዳጊ ራሷን በመከላከል ነፃ የወጣችው በእነርሱ ጥብቅና ነው።

ይህ ሥራ ምስጋና ሲገባው፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በሰብዓዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ የሚሠራ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ለሴቲቱ የውኃ ጉድጓድ መቆፈር ልማት ነው፤ ስለ መብቷ መሟገት ግን ፖለቲካ ተባለ። ገንዘቡ ሲነጥፍ ማኅበሩ ሠራተኞቹን ቀነሰ።

ቀሪውን 90 በመቶ ሕዝቡ ይሸፍን ዘንድ ነበር የታሰበው። ለእድርና ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የማይሰስት ሕዝብ ግን፣ የጓዳ ገመናን አደባባይ ለሚያወጣ ጠበቃ እጁ አይፈታም። ሕግ አውጪው ይህን አጥቶት ነውን?

አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። ሆኖም በአዋጅ የተበተነ ባለሙያ በአዋጅ ተመልሶ አይሰበሰብም። የተሻረው ሕግ አንድ እውነት ግን ሳያስበው መስክሮ አልፏል፤ ጓዳ ውስጥ የሚያርፈው ዱላ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ፖለቲካ ከሆነስ፣ መልሱን ከመንግሥት መጠየቅ የዜጋ ሁሉ መብት ነው።