የኳሱ ዋልያና የገደሉ ዋልያ

«ዋልያዎቹ ዛሬ ይጫወታሉ» ሲባል ሻይ ቤቱ ሁሉ ጢም ይላል። ወንበር ከሚሻሙት አንዱ እኔ ነኝ። ገደል ላይ ስላለው ዋልያ ግን ማን ይጠይቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ባይሰን የሚባለው የአውሮፓ የዱር በሬ በ1920ዎቹ ከጫካ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በየመካነ አራዊቱ የቀሩትን ሃምሳ ምናምን አራብተው መለሱት። የእኛ ዋልያስ? በየትኛውም የዓለም መካነ አራዊት የለም። ከሰሜን ተራሮች ከጠፋ፣ ጠፋ ነው!

ደግሞ አገግሞ ነበር እኮ! በ1960ዎቹ 150 ገደማ የነበረው ከ800 አልፎ፣ ፓርኩም በ2017 ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ወጥቶ ነበር። ለዚህም ሲባል የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 የገብስ ማሳቸውን ትተው ደባርቅ ወርደዋል። በ2021 ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ። ሰው በሚቀበርበት ሰዓት ዋልያን ማን ይጠብቃል? በ2024 ሲቆጠር 306 ብቻ ተገኘ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፤ የግጭ ሰዎች ቀያቸውን የለቀቁት ለዋልያው ተብሎ ነው። እሱ ካለቀ ምን ልንላቸው ነው? «አይዟችሁ፣ የኳሱ አለላችሁ» እንበላቸው?